ኮምቦልቻ ላይ ሞተር መግዛት፦ የአንድ የፌሮ ፋብሪካ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በብረት ፋብሪካ ውስጥ ሞተር መቃጠሉ ብርቅ አይደለም። ያው ሞተር እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲቃጠል ግን ጉዳዩን ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አንድ የፌሮ ማምረቻ ስለገጠመው እንዲህ ያለ ችግር ነው። የፋብሪካውን፣ የሻጮቹንና የሠራተኞቹን ስም አልጠቅስም። እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት በአማካሪነት ነው። የግዥ ክፍሉ የጠየቀኝ አንድ አጭር ጥያቄ ነበር፦ «የትኛውን ብራንድ እንግዛ?»

ጉዳዩን መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግሁት ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙ ፋብሪካዎች ስለምሰማ ነው። ብዙ ገንዘብ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ገንዘብ፣ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ይባክናል።

ፋብሪካው ምን ይሠራል?

ፋብሪካው ቢሌት (ወፍራም ጥሬ የብረት ዘንግ) ገዝቶ በምድጃ ያግላል። ወደ 1,150 ዲግሪ ሲደርስ አውጥቶ በሮሎች መካከል እያሳለፈ ያቀጥነዋል፤ መጨረሻ ላይ ፌሮ ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያው ሮሊንግ ማሽን ሦስት ሮሎች አንዱ ካንዱ በላይ የተደረደሩበት ነው። ቢሌቱ በታችኛውና በመካከለኛው ሮል መካከል ያልፋል። ከዚያ ጠረጴዛው ከፍ ይልና በመካከለኛውና በላይኛው መካከል ይመለሳል። አንድ ቢሌት እንዲህ እየተመላለሰ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ቢሌቱን የሚያመላልሱት ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩ ሮለሮች ናቸው። እያንዳንዱን ሮለር 5.5 ኪሎዋት ሞተር በጊር ቦክስ በኩል ያዞረዋል። ቢሌቱ በተመለሰ ቁጥር ሞተሩም አቅጣጫ ይቀይራል። የችግሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወቅት ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ብዙ ሞተርና ኬብል እንደተዘረፈ ይታወቃል። ይህም ፋብሪካ ከዚያ በኋላ ሥራ የጀመረው ከያለበት በተሰበሰበ ሞተር ነው። አዲስም፣ ያገለገለም፣ የተጠመጠመም (የተቃጠለ ሽቦው በአዲስ የተቀየረ) አብሮ ተሰልፎ ነበር። በዚያ ሁኔታ ሥራ ማስጀመራቸው በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ

የሮለር ሞተሮቹ በየወሩ ማለት ይቻላል አንድ ሁለቱ ይቃጠሉ ነበር። አንዱ ሲቆም ጠረጴዛው ይቆማል፤ ምድጃው ግን ናፍጣ መጠጣቱን አያቆምም። ምድጃ ውስጥ ያለው ቢሌት በቆየ ቁጥር ላዩ እየተላጠ ቅርፊት ይሆናል። ብረቱም ይባክናል፣ ነዳጁም ይባክናል።

ሁለተኛው ችግር ለምድጃው አየር የሚነፋው ብሎወር ነው። ሞተሩ 45 ኪሎዋት ነው። እሱም ተደጋግሞ ተቃጥሏል።

ግዥው የሚካሄደው ብዙ ቦታ እንደሚደረገው ነው። ጥገና ክፍል «ሞተር፣ 5.5 ኪሎዋት፣ 1500 ዙር፣ 3 ፌዝ፣ ብዛት 10» ብሎ ይጽፋል። ግዥ ክፍል ከመርካቶ ሦስት ፕሮፎርማ ያሰባስባል። ኮሚቴው ትንሹን ዋጋ ይመርጣል። ኮሚቴው ላይ መፍረድ አይቻልም፤ የቀረበለት ወረቀት ከዋጋ ሌላ የሚያወዳድርበት ነገር የለውም።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

ሦስት ነገር ተሞክሯል፤ ሦስቱም አልሠሩም። ለምን እንዳልሠሩ ማወቁ ግን ከሁሉም በላይ ጠቅሟል።

አንደኛው ማስጠምጠም ነው። የተቃጠለው ሞተር ደሴ ይሄዳል፣ ተጠምጥሞ ይመለሳል፣ እንደገና ይቃጠላል። አንዳንዱ ሁለቴ ሦስቴ ተመላልሷል። ጥሩ ባለሙያ የጠመጠመው ሞተር ጥሩ ይሠራል፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። ችግሩ የተቃጠለው ሽቦ እንዲላቀቅ በችቦ እሳት ሲለበለብ ነው። የስታተሩ (ሽቦው የተጠመጠመበት የማይዞረው አካል) ብረት ከስስ ላሜራዎች የተደረበ ነው፤ በላሜራዎቹ መካከል ያለው ስስ ሽፋን ከመጠን ያለፈ ሙቀት ሲያገኘው ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ሽቦው አዲስ ቢሆንም ብረቱ ራሱ ይግላል።

ሁለተኛው ከፍ ያለ ሞተር መግዛት ነው። 5.5ቱን በ7.5 ቀየሩት። የሁላችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ይሄ ነው፦ «ትንሽ ከፍ ያለ አድርገው!» ፓምፕ ቢሆን ኖሮ ሊያግዝ ይችል ነበር። በየደቂቃው አቅጣጫ ለሚቀይር ሮለር ግን ትልቁ ሞተር የራሱ ሮተር (ውስጡ የሚሽከረከረው አካል) ከባድ ነው። ራሱን ለማስነሳትና ራሱን ለማቆም ብቻ ብዙ ጉልበት ይጨርሳል። የማስነሻው ከረንትም ጨመረ፤ ጭራሽ ኮንታክተሮቹ (ሞተሩን የሚያበሩና የሚያጠፉ ማብሪያዎች) መቃጠል ጀመሩ።

ሦስተኛው ኦቨርሎዱን፣ ማለትም ከረንት ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋውን መከላከያ፣ ከፍ ማድረግ ነው። ኦቨርሎዱ ቶሎ ቶሎ እየዘለለ ሥራ ሲያስቆም የሌሊት ሽፍት ወደ ላይ ያዞረዋል። ፌሮ ማውጣት አለባቸው፣ ጫናው ይገባኛል። ሞተሩ ግን ያለ ጠባቂ ቀረ።

የተቃጠሉትን መክፈት

ሥራውን የጀመርነው ከተቃጠሉት ሞተሮች ነው። የተቃጠለ ጥቅል (በሞተሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ) ለሚያነበው ሰው ብዙ ይናገራል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ረጅም ዘመን ሞተር ሲጠመጥሙ የኖሩ አንድ አባት አሉ፤ አብዛኛው ሞተር ያለፈው በእሳቸው እጅ ነው። ፎርማኑ «ጋሼ፣ ሳይፈርስ አንዴ እዩልን» ብሎ ለመናቸው። አገላብጠው አዩና፦

«ልጄ፣ ይሄ ፌዝ የጠፋበት አይደለም። ሦስቱም እኩል ነው የከሰለው። ሮተሩን እየው፣ ሰማያዊ ሆኗል። ከሽቦው በፊት ሮተሩ ነው የጋለው።»

በትክክል አይተውታል። ፌዝ የሚባለው ሞተሩን ከሚመግቡት ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች አንዱ ነው፤ ዴልታና ስታር ደግሞ ሦስቱ ጥቅሎች የሚገናኙባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። በዴልታ የተገናኘ ሞተር አንድ ፌዝ ሲጠፋበት ከሦስቱ ጥቅል አንዱ ብቻ ይከስላል። በስታር ከሆነ ሁለቱ ይከስላሉ፣ አንዱ ደህና ይቀራል። ሦስቱም እኩል ከጠቆሩ ነገሩ ከመጠን ያለፈ ጭነት ወይም ተደጋጋሚ መነሳት ነው። የሮለር ሞተሮቹ ሦስቱም እኩል የጠቆሩ ናቸው። የብሎወሩ ሞተር ግን የተለየ ነው፤ አንዱ ፌዝ ከሌሎቹ በጣም ይብሳል። እንግዲህ አንድ የሚመስለው ችግር ሁለት ነው ማለት ነው።

ሮለሩ፦ የማስነሳትና የመገልበጥ ሙቀት

ሞተር ቆሞ ከነበረበት ተነስቶ ሙሉ ዙሩ እስኪደርስ ሮተሩ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት የሚሽከረከረው አካል ካገኘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ጋር እኩል ነው። በሙሉ ዙር እየዞረ ሳለ ፌዙ ተገልብጦ ወደ ኋላ እንዲዞር ሲደረግ ያ ሙቀት 4 እጥፍ ይሆናል፤ 3ቱ ለማስቆም፣ 1ዱ መልሶ ለማስነሳት። ጭነት ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና በየመታጠፊያው ፍሬን ይዞ ወደ ኋላ ማርሽ ቢገባ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። የሮለሩ ሞተር ይህንን ቀኑን ሙሉ ያደርጋል። በዚያ ላይ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ በራሱ ዘንግ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲቆም ማራገቢያውም ይቆማል።

የተገዙት ሞተሮች ኔምፕሌት (የአምራቹ የመረጃ ሰሌዳ) ላይ ግን «ኤስ 1» ይላል። ይህ ማለት አንዴ ተነስቶ በአንድ ጭነት ያለማቋረጥ ለሚሠራ ሥራ የተሠራ ነው። ለፓምፕ፣ ለማራገቢያ፣ ለወፍጮ ይሆናል። እየተነሳ ለሚቆም ሥራ «ኤስ 4»፣ በኤሌክትሪክ እየተገታ ለሚገለበጥ ደግሞ «ኤስ 5» የሚባል ደረጃ አለ። በግዥ ጥያቄው ላይ ስለዚህ አንድ ቃል አልነበረም። ሻጩም አልጠየቀም።

ብሎወሩ፦ ከፍታ፣ ፑሊና ያልተመጣጠነ ቮልቴጅ

ይህኛው ነው የበለጠ ያሳሰበኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ፋብሪካ ውስጥ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ነው። የሞተር ኔምፕሌት ላይ የሚጻፈው ኪሎዋት በዓለም አቀፉ የሞተር መስፈርት በአይኢሲ 60034 መሠረት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ አየር ድረስ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። በኮምቦልቻ ከፍታ አምራቾች ከጉልበቱ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳሉ። የከተማው አየር ከ40 ዲግሪ በታች ስለሆነ ለተራ ሥራ ይህ ይካካሳል፤ የእህል ወፍጮ ባለቤት መጨነቅ የለበትም። ምድጃው ጀርባ ግን ቴርሞሜትሩ 52 ዲግሪ አሳየን። ከፍታውና ሙቀቱ ሲደመሩ ሞተሩ ከጉልበቱ ከ10 በመቶ በላይ ያጣል። 45 ኪሎዋት የተባለው 40 እንኳ አይሞላም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። እዚህ ከፍታ ላይ አየር በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚከብደው። ስለዚህ ብሎወሩ በዚያው ዙር ሲዞር ለምድጃው የሚያደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። ነበልባሉ ጭስ አበዛ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው መፍትሔ አገኘለት፦ ፑሊውን (ቀበቶው የሚያዞረውን ጎማ) ቀይሮ ብሎወሩን 12 በመቶ ያህል አፈጠነው። ጭሱም ቀነሰ። የብሎወር ጉልበት ግን ከዙሩ ጋር በኩብ ነው የሚያድገው። 12 በመቶ ፍጥነት ሲጨመር ጉልበቱ በ40 በመቶ ይጨምራል። በባሕር ጠለል 43 ኪሎዋት የሚፈልገው ብሎወር በኮምቦልቻ አየር ወደ 34 ይወርድ ነበር፤ ከፑሊው በኋላ ወደ 48 ወጣ። 40 ለማይሞላ ሞተር 48! ፑሊው መቀየሩን የሚያውቅ ሰው ፋብሪካው ውስጥ አልቀረም ነበር። ያገኘነው የድሮውን ፑሊ መጋዘን ውስጥ አይተን፣ ከተገጠመው ጋር ስናስተያይ ነው።

አንዱ ፌዝ የባሰበት ምክንያት ደግሞ ቮልቴጁ ነው። በሥራ ሰዓት ሞተሩ ተርሚናል ላይ ስንለካ 371፣ 384 እና 388 ቮልት አገኘን። አማካዩ 381 ነው፤ ከአማካዩ በጣም የራቀው በ10 ቮልት ይርቃል። ይህ 2.6 በመቶ መዛባት ነው። ትንሽ ይመስላል። በሞተር ውስጥ ግን የከረንቱ መዛባት ከቮልቴጁ መዛባት ከ6 እስከ 10 እጥፍ ይሆናል። የሙቀቱ ጭማሪ ደግሞ የመዛባቱ ስኩዌር ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ እዚህ ወደ 14 በመቶ መሆኑ ነው። የጥቅል ሽፋን በየ10 ዲግሪው ተጨማሪ ሙቀት ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ የታወቀ ስሌት ነው። መዛባቱን ያመጣው ከፋብሪካው ውጭ ያለ መስመር አልነበረም። የወርክሾፑ ብየዳ ማሽኖች፣ የቢሮውና የግቢው መብራት አብዛኛው አንድ ፌዝ ላይ ተጭኖ ነበር።

የግዥ ዝርዝሩን እንደገና መጻፍ

ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ገጽ አዘጋጀን። የሮለሩ ገጽ ኪሎዋቱን ከመጥራቱ በፊት ሥራውን ይገልጻል። በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚገለበጥ፣ የሮለሩ ክብደት፣ የጊር ቦክሱ ሬሾ ተጻፈ። ከዚያ ቦታው፦ 1,850 ሜትር ከፍታ፣ የአካባቢው ሙቀት፣ ውሃ የሚረጭ፣ የብረት ቅርፊት የሚበንን። ቅርፊቱ ቀላል ነገር አይደለም። የብረት ኦክሳይድ ስለሆነ ማግኔት ይስበዋል፤ በሞተሩ ክንፎች መካከል ተከማችቶ ሙቀት ያፍናል። ስለዚህ አይፒ 65 (አቧራና የሚረጭ ውሃ የማያስገባ)፣ የክላስ ኤፍ ጥቅል ሆኖ ሙቀቱ ከክላስ ቢ ያላለፈ (ማለትም ሽፋኑ ከሚደርስበት ሙቀት በላይ የሚችል)፣ ጥቅሉ ውስጥ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው፣ በኢንቨርተር (የኤሌክትሪኩን ፍሪኩዌንሲ እየቀየረ ዙሩን በሚቆጣጠር መሣሪያ) ለመሥራት የሚችል ብለን ጻፍን።

ቮልቴጁንም ለይተን አስገባን፦ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ይህ መጻፍ የማያስፈልገው ይመስላል። ገበያ ላይ ግን 415 ቮልት የተጻፈበት ሞተር ብዙ ነው። የሞተር የማስነሻ ጉልበት ከቮልቴጅ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። 415 የሚለው ሞተር 371 ሲያገኝ የማስነሻ ጉልበቱ 20 በመቶ ይቀንሳል።

የቀረቡት አማራጮች

የመጣው አማራጭ ሦስት ዓይነት ነበር። የመርካቶ ሱቆች ዛሬውኑ የሚያስረክቡት ሞተር፣ የአንድ አምራች ወኪል በትዕዛዝ የሚያስመጣው የሮለር ሞተር፣ እና ያገለገለ የውጭ ሞተር።

ያገለገለው ዋጋው ይማርካል፤ አካሉም ከባድና ጥሩ ነበር። ግን ከመካከላቸው 60 ኸርዝ የሆኑ ተገኙ። በኛ 50 ኸርዝ ዙራቸው በስድስተኛ ይቀንሳል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ሮለሮች ደግሞ እኩል መዞር አለባቸው። ተውነው።

ለሮለር ተብሎ የሚሠራው ሞተር አካሉ ላይ ያሉት ክንፎች እንደ ቀለበት ዙሪያውን የሚዞሩ ናቸው፤ ቅርፊት አይከማችባቸውም። ማራገቢያ የለውም፤ በመገልበጥ የሚመጣውን ሙቀት ተሸክሞ በአካሉ ያስወጣል። ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ዋጋው ግን ከተራው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ መምጫውም ወራት ይፈጃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የፕሮፎርማ ዕድሜ ወደ ጥቂት ቀናት አጥሮ ነበር። ኮሚቴው ተወያይቶ ሳይጨርስ ዋጋው ይቀየራል።

ስለዚህ ግዥው ተከፈለ። ከሮሊንግ ማሽኑ አፍ አጠገብ፣ ሙቀቱና መገልበጡ ለሚብስባቸው ሮለሮች፣ የሮለር ሞተር በወኪሉ በኩል ታዘዘ። ለቀሩት ጥሩ ተራ ሞተር ከገበያ ተገዝቶ ሁሉም በቡድን በኢንቨርተር እንዲነዱ ተወሰነ። ኢንቨርተር ፌዝ በድንገት አይገለብጥም። ፍሪኩዌንሲውን ዝቅ አድርጎ ያቆማል፣ ቀስ አድርጎ መልሶ ያነሳል። ያ 4 እጥፍ ሙቀት አብዛኛው ይጠፋል።

ለብሎወሩ መጀመሪያ የተሠራው ሥራ ግዥ አልነበረም። የአየር መሳቢያው ከምድጃው ጀርባ ተነስቶ በላሜራ ቱቦ ወደ ውጭ ወጣ። የውጭው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ 7 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ በዚህ ምክንያት ፑሊውን በከፊል መመለስ ተቻለ። ብየዳዎቹና መብራቶቹ በሦስቱ ፌዝ ተከፋፈሉ። ከዚያ 55 ኪሎዋት፣ አይኢ 3 (ኤሌክትሪክ በመቆጠብ ከአይኢ 1 የተሻለ ደረጃ ያለው) ሞተር ተገዛ። በ45 ኪሎዋት መጠን የአይኢ 1 ብቃት 91.7፣ የአይኢ 3 ደግሞ 94.2 በመቶ ነው። በዓመት 6,000 ሰዓት ለሚሠራ ሞተር ይህ ልዩነት ወደ 7,800 ኪሎዋት ሰዓት ቁጠባ ይሆናል። ለኮሚቴው ይህን ቁጥር ስናሳይ ስለ ዋጋ የነበረው ክርክር ረገበ።

ርክክብ

ከገበያ የመጣውን የመጀመሪያውን ዙር መጋዘን ሳይገባ ፈተሽነው። ኔምፕሌቱ የሚናገረውና ሚዛኑ የሚናገረው አልተገናኙም። 5.5 ኪሎዋት የሚለው ሞተር አምራቹ በካታሎጉ ከጻፈው ክብደት በጣም ያነሰ ነበር። ያለ ጭነት ስናስነሳው የሚስበው ከረንት ወደ ሙሉ ጭነቱ የተጠጋ ነው። አንዱን ከፍተን የጥቅሉን ጫፍ ስንፍቅ ከቫርኒሹ ስር ነጭ ወጣ፤ አሉሚኒየም ነበር። የተስማማንበት ደግሞ መዳብ ነው። ሻጩ መጀመሪያ አልቀበልም አለ። ውሉ ላይ ክብደትና የጥቅል ዓይነት ተጽፎ ስለነበር ግን በመጨረሻ ቀየረ። በአሮጌው ባለ አንድ መስመር ጥያቄ ቢሆን ኖሮ የምንከራከርበት ነገር አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሞተር ሲገባ ይመዘናል። የሦስቱ ጥቅል ሬዚስታንስ ይለካል፤ በ2 በመቶ ውስጥ እኩል መሆን አለበት። በሜገር (የጥቅሉን ሽፋን ጤንነት በሚለካ መሣሪያ) በ500 ቮልት ይፈተሻል። ያለ ጭነት ይዞራል፤ ድምፁና ንዝረቱ ይሰማል። የኩሽኔታው ቁጥርም ይታያል፣ ምክንያቱም አስመስሎ የተሠራ ኩሽኔታ ገበያውን ሞልቶታል።

የሠራውና ያልሠራው

ኢንቨርተሩ ሠርቷል። በዓመቱ ውስጥ ከአዲሶቹ የሮለር ሞተሮች የተበላሸው አንድ ሲሆን እሱም ጥቅሉ ሳይሆን ውሃ የገባበት ኩሽኔታው ነው። የብሎወሩ አንድ ፌዝ ከሌሎቹ መባሱም ቆሟል፤ የቮልቴጁ መዛባት አሁን ከ1 በመቶ ብዙም አይርቅም።

ያልሠራው፣ መጀመሪያ ኢንቨርተሩን ማሽኑ አጠገብ መትከል ነው። የብረት ቅርፊቱ ብናኝ በማራገቢያው ገብቶ ካርዱን አበላሸው። አሁን ማቀዝቀዣ ባለው የተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ደግሞ ወደ ሞተሮቹ የሚሄደውን ኬብል አስረዘመው። ረጅም ኬብል የኢንቨርተርን ቮልቴጅ በቅጽበት ከፍ ያደርጋል። በተራ ሽቦ የተጠመጠሙ የሁለት አሮጌ ሞተሮች የጥቅል ሽፋን በዚህ ተበሳ። መውጫው ላይ ቾክ (ድንገተኛውን የቮልቴጅ ጭማሪ የሚያለዝብ ጥቅል) ተጨመረ፤ የተጠመጠመ ሞተር በኢንቨርተር መስመር ላይ እንዳይገባም ተወሰነ። አንድ ኢንቨርተር ብዙ ሞተር ሲነዳ የራሱ መከላከያ አንዱን ለይቶ ስለማያይ ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱ ኦቨርሎድ ተገጠመ፤ ማዞሪያውም ተቆልፎ ቁልፉ ፎርማኑ ጋ ነው።

55ቱ ሞተር ሲመጣ ሌላ ሥራ ፈጠረ። የ45ቱ ዘንግ ከእግሩ 225 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፤ የ55ቱ 250 ነው። ዘንጉም ከ60 ወደ 65 ሚሊሜትር ይወፍራል። መቀመጫውም ፑሊውም መሠራት ነበረበት። ይህንን ቀድሞ መርከብ ላይ ሳይጫን ያሰበ ፋብሪካ ምርት ሳያቆም ይቀይራል፤ እዚህ ለጥቂት ቀን ቆሟል።

ለሌላ ፋብሪካ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ማንም ሊወስደው የሚችለው መጀመሪያ የተቃጠለውን ሞተር ሳይፈርስ ማየት ነው። ወደ ጠምጣሚ ከመላኩ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ፎቶ ማንሳት፣ የትኛው ፌዝ እንደከሰለ መጻፍ። ወጪ የለውም።

ቀጥሎ ተርሚናሉ ላይ በሥራ ሰዓት ሦስቱን ቮልቴጅና ሦስቱን ከረንት መለካት። ቦርዱ ላይ ወይም በእረፍት ሰዓት የተለካ ቁጥር ያሳስታል። የሚዛባ ከሆነ አዲስ ሞተር ከመግዛት በፊት ጭነቱን ማከፋፈል ይቀድማል።

የግዥ ጥያቄ ላይ ሥራው፣ ከፍታው፣ ሙቀቱ፣ ቮልቴጁ፣ የእግር ቁመቱና ክብደቱ ይጻፍ። ደሴ ለሚሠራ ከፍታው ከኮምቦልቻም ይበልጣል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ለኢንቨርተርም ይቆጠራል፤ አብዛኞቹ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ይቀንሳሉ።

መጋዘን ስላለው መጠባበቂያ ሞተርም ማሰብ ይገባል። ክረምቱን እርጥብ ወለል ላይ የከረመ ሞተር በሜገር ሳይፈተሽ መገጠም የለበትም። ዘንጉ በየወሩ በእጅ መዞር አለበት። አለበለዚያ ኩሽኔታው አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ በአካባቢው ንዝረት ጠባሳ ያወጣል፤ አዲስ ተብሎ ሲገጠም ይጮኻል።

ገና ያልተዘጋው

የሮሊንግ ማሽኑ ዋና ሞተር አሁንም ያሳስበኛል። ባለ ስሊፕ ሪንግ ነው፣ ማለትም ሮተሩ በቀለበትና በካርቦን ብሩሽ ከውጭ ጋር ይገናኛል፤ ከባድ ፍላይዊል (ጉልበት የሚያጠራቅም ጎማ) ያዞራል። መጠባበቂያ የለውም። ቢቃጠል አገር ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ከውጭ ታዝዞ በጅቡቲ፣ በሚሌና በባቲ በኩል እስኪደርስ ፋብሪካው ወራት ይቆማል። ሁለት ሐሳብ ቀርቧል፦ ሙሉ ሞተር ማስመጣት፣ ወይም ሮተሩን፣ ኩሽኔታዎቹንና የካርቦን ብሩሾቹን ብቻ መያዝ። እኔ ለጊዜው ሁለተኛውን ደግፌያለሁ። የጥቅሉ ሙቀት በየሽፍቱ እንዲመዘገብ፣ ሜገሩ በየወሩ እንዲለካም ተስማምተናል። የመጀመሪያዎቹ ወራት መዝገብ ተሞልቷል። ሙሉ ሞተር የመግዛቱ ጥያቄ በሚቀጥለው በጀት ከዚህ መዝገብ ጋር ለኮሚቴው ይቀርባል።